የዝግ ማዕዘን ግላኮማና የሌዘር ሕክምናው፦ ለጎሮና ለአካባቢው ነዋሪዎች

ግላኮማ ከዓይን ወደ አንጎል መልእክት የሚያስተላልፈውን የዕይታ ነርቭ የሚጎዳ በሽታ ነው። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ የሚሆነው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከእነዚህም 5.2 በመቶዎቹ ብርሃናቸውን ያጡት በግላኮማ መሆኑን አመልክቷል። በዓይን ሞራ የተጋረደ ዕይታ በቀዶ ሕክምና ሊመለስ ይችላል፤ በግላኮማ የጠፋ ዕይታ ግን አይመለስም። በአፍሪካ በብዛት የሚታየው በዝግታና ያለ ሕመም የሚጎዳው የክፍት ማዕዘን ዓይነት ነው። የዝግ ማዕዘን ዓይነት ቁጥሩ ያነሰ ቢሆንም በድንገት ሲነሳ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ዓይንን ሊያጠፋ ይችላል።

በሽታው እንዴት ይከሰታል?

በዓይን ውስጥ ዘወትር የሚመነጭ ጥርት ያለ ፈሳሽ አለ። ፈሳሹ ከባለቀለሙ የዓይን ክፍል (አይሪስ) ጀርባ ተነሥቶ በብሌን በኩል ወደ ፊት ያልፋል፤ ከዚያም አይሪስና የዓይኑ የፊት ሽፋን በሚገናኙበት ማዕዘን በኩል ይወጣል። በብሌኑ በኩል ማለፍ ሲሳነው ከኋላ ይጠራቀምና አይሪስን ወደ ፊት ይገፋዋል። በዚህ ጊዜ ማዕዘኑ ይዘጋል፣ ግፊቱም ይጨምራል። የጤናማ ዓይን ግፊት በአብዛኛው ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን፣ በድንገተኛ መዘጋት ጊዜ ከ40 በላይ ሊደርስ ይችላል።

ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች፣ ሴቶች፣ ቅርብ ለማየት የሚቸገሩና በቤተሰባቸው በሽታው ያለባቸው ሰዎች ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው። ማዕዘናቸው በጠበበ ሰዎች ላይ አንዳንድ የጉንፋን፣ የአለርጂና የድብርት መድኃኒቶች ሕመሙን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

• በአንድ ዓይን ላይ የሚነሳ ብርቱ ሕመምና በዚያው ወገን ያለ ራስ ምታት፤
• የዓይን መቅላትና የዕይታ መደብዘዝ፤
• በአምፖል ዙሪያ የቀለም ክብ መታየት፤
• ማቅለሽለሽና ማስመለስ።

ራስ ምታቱና ማስመለሱ አብረው ሲመጡ ሕመሙ ምች ወይም የጨጓራ ሕመም ሊመስል ይችላል። ዳማ ከሴ አሽትቶ ወይም የሕመም ማስታገሻ ውጦ እስኪነጋ መጠበቅ ግን የዕይታ ነርቩን ለማይመለስ ጉዳት ይዳርጋል። በዓይን ውስጥ ቅጠል መጭመቅ ወይም ለሌላ ሰው የታዘዘ ጠብታ መጨመርም አደገኛ ነው። እነዚህ ምልክቶች የታዩበት ሰው በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

የሌዘር ሕክምናው ምን ያደርጋል?

ድንገተኛ ሕመም ሲሆን ሐኪሙ በቅድሚያ በጠብታ፣ በሚዋጥና እንዳስፈላጊነቱ በደም ሥር በሚሰጥ መድኃኒት ግፊቱን ያወርዳል። ዓይኑ ሲጠራ የሌዘር ሕክምናው ይከተላል። ሕክምናው በአይሪስ ዳርቻ ላይ እጅግ ትንሽ ቀዳዳ ይከፍታል፤ ፈሳሹም በብሌን በኩል ሲታገድ በዚያ በኩል ያልፋል።

ሕክምናው ሆስፒታል ተኝቶ መታከምን አይጠይቅም። ብሌንን የሚያጠብና ዓይንን የሚያደነዝዝ ጠብታ ይደረጋል፤ ታካሚው በመመርመሪያ መሣሪያ ፊት ተቀምጦ አገጩን ያሳርፋል፤ ሐኪሙም በዓይኑ ላይ ሌንስ አድርጎ ጨረሩን ያነጣጥራል። ሥራው በአብዛኛው በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ታካሚው የብርሃን ብልጭታና መጠነኛ መቆንጠጥ ሊሰማው ይችላል። ከዚያም ግፊቱ ዳግም እስኪለካ በተቋሙ ይቆያል።

ለጥቂት ቀናት ዓይን ሊቀላና ዕይታ ሊደበዝዝ ይችላል። ጥቂት ደም መፍሰስ፣ ጊዜያዊ የግፊት መጨመር፣ የብርሃን መስመር መታየትና የቀዳዳው መልሶ መዘጋት ሊያጋጥም ይችላል። ሕመሙ ከበረታ ወይም ዕይታ ከቀነሰ ሳይዘገይ መመለስ ያስፈልጋል።

ማን ይታከማል?

ድንገተኛ መዘጋት የደረሰበት ሰው ያልታመመው ዓይኑም በአብዛኛው ጠባብ ማዕዘን ስለሚኖረው ለመከላከያ ይታከማል። ማዕዘኑ ጠቦ በሽታው ያልጀመረበት ሰው ሁሉ ግን ሌዘር ላያስፈልገው ይችላል። በቻይና ጓንግዡ በ889 ሰዎች ላይ ለ6 ዓመታት የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ሌዘር በሽታውን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ፣ ሆኖም ባልታከመውም ዓይን በሽታው እምብዛም እንደማይከሰት አሳይቷል። ስለዚህ ውሳኔው የማዕዘን ምርመራ ባደረገው የዓይን ሐኪም የሚወሰን ነው። ለአንዳንድ ታካሚዎች የዓይን ሌንስን በቀዶ ሕክምና መለወጥ የተሻለ ሊሆን ይችላል።

አገልግሎቱን ለማግኘት

የጎሮና የአካባቢው ነዋሪዎች በቅድሚያ በአቅራቢያቸው ወዳለው ጤና ጣቢያ በመሄድ ወደ ዓይን ሕክምና ክፍል የሪፈር ወረቀት መቀበል ይችላሉ። በአዲስ አበባ በዓይን ሕክምና ከሚታወቁ የመንግሥት ተቋማት አንዱ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው። የጤና መድኅን አባላት ሪፈር ወረቀታቸውንና የታደሰ የአባልነት መታወቂያቸውን መያዝ ይኖርባቸዋል። ድንገተኛ ምልክት የታየበት ሰው ግን ሪፈር ወረቀት ሳይጠብቅ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት።

ታካሚው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉና መነጽሩን ይዞ ይቅረብ፤ ለመድኃኒት አለርጂ ካለበትም አስቀድሞ ያሳውቅ። በሕክምናው ዕለት መኪና ማሽከርከር ስለማይገባ አብሮት የሚሄድ ሰው ያስፈልገዋል።

ሌዘር የዘጋውን መንገድ ይከፍታል እንጂ የተጎዳውን ነርቭ አይጠግንም። ግፊቱ ከሕክምናው በኋላም ሊጨምር ስለሚችል የታዘዘውን ጠብታ ያለ ሐኪም ፈቃድ ማቋረጥና የቀጠሮ ቀንን ማሳለፍ አይገባም። ለታካሚው ወንድሞች፣ እህቶችና ልጆችም የዓይን ምርመራ እንዲደረግላቸው ይመከራል።