ባሕር ማዶ ያለ ድረ ገጽ በማን ሕግ ይዳኛል?

«ልጆቻችን በስልካቸው የሚያዩትን ክፉ ነገር መንግሥት ለምን አያስቆመውም?» የሚለውን ጥያቄ ታክሲዬ ውስጥም ሆነ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ደጋግሜ እሰማለሁ። ለመልሱ የሚረዳን አንድ የፓሪስ ችሎት አለ።

እ.ኤ.አ. በ2000 ሁለት የፈረንሳይ ማኅበራት ያሁ የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ ከሰሱ። በጨረታ ገጹ ላይ የናዚ ቁሳቁስ ይሸጥ ነበርና ነው። ይህን ለሕዝብ ማሳየት በፈረንሳይ የተከለከለ ሲሆን በአሜሪካ ግን አይከለከልም። ኩባንያው «ማን ከየት አገር እንደሚገባ መለየት አልችልም» ሲል ተከራከረ። ዳኛው ዣን ዣክ ጎሜዝ፣ ከኢንተርኔት ፈልሳፊዎች አንዱ የሆኑት ቪንተን ሰርፍ ያሉበትን የባለሙያዎች ቡድን ጠየቁ፤ ቡድኑም ከፈረንሳይ ከሚገቡት ውስጥ ከመቶ 70 ያህሉን መለየት እንደሚቻል ገለጸ። በኖቬምበር ወር ዳኛው የሦስት ወር ጊዜ ሰጥተው፣ ትእዛዙ ካልተፈጸመ በየቀኑ 100,000 ፍራንክ እንዲከፈል ወሰኑ።

በ2001 መጀመሪያ ላይ ያሁ ዕቃዎቹን ከጨረታው አወጣ፤ ተገድጄ ነው ግን አላለም። በዚያው ዓመት አንድ የካሊፎርኒያ ዳኛ የፓሪሱ ትእዛዝ በአሜሪካ ሊፈጸም አይችልም ብለው ፈረዱ፤ ይህም በ2006 በይግባኝ ተሽሮ ክሱ ተዘጋ።

ታዲያ ይህ ምን ያስተምረናል? ሕግ በራሱ ባሕር አይሻገርም። ሆኖም ያሁ ፈረንሳይ ውስጥ ቅርንጫፍና ገበያ ነበረው። ሕግ የሚይዘው በአገሩ ውስጥ የሚያጣው ነገር ያለውን ነው።

እንግሊዝም በ2023 ባወጣችው የኦንላይን ደኅንነት ሕግ እስከ 18 ሚሊዮን ፓውንድ ወይም ከድርጅቱ የዓለም ገቢ ከመቶ 10፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን መቅጣት ትችላለች። ትልልቆቹን ኩባንያዎች ይህ ያስፈራቸዋል። በ2025 ግን ተቆጣጣሪው ኦፍኮም ፎርቻን የተባለውን የአሜሪካ ድረ ገጽ 20,000 ፓውንድ ሲቀጣው፣ ጠበቆቹ አንከፍልም አሉ። ለእንዲህ ያለው የቀረው መንገድ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የገቢ ምንጩን ማድረቅ ወይም ገጹን ከአገር ውስጥ እንዳይታይ መዝጋት ነው።

መዝጋትን ደግሞ እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በስደት የምናዘጋጃቸው ብዙ ድረ ገጾች እስከ 2018 ድረስ ኢትዮጵያ ውስጥ ተዘግተው ነበር። ሕፃናትን የሚጠብቀው ቁልፍና አፍ የሚዘጋው ቁልፍ አንድ ነው። ስለዚህ «መንግሥት ይዝጋልን» ከማለታችን በፊት፣ ቁልፉን ማን እንደያዘና የትኛው ነፃ ፍርድ ቤት እንደሚቆጣጠረው እንጠይቅ። ሕጉ የማይደርስበትን ደግሞ እኛው ወላጆች ከልጆቻችን ጋር ቁጭ ብለን እንነጋገርበት።