ስለ ኦርኬስትራ መሪው ስለ ቶማስ ቢቻም ቀልድና ሥራ

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የመዘምራን አስተማሪያችን አንድ ቀልድ ደጋግመው ያጫውቱን ነበር። ይኸውም የሙዚቃ ሊቅ ማለት ኖታ ማንበብ የሚችል፥ ሙዚቃውን መስማት ግን የማይችል ሰው ነው የሚል ነው። ተናጋሪው እንግሊዛዊው የኦርኬስትራ መሪ ሰር ቶማስ ቢቻም መሆኑን ነግረውናል። ኮሌጅ ከገባን በኋላ ግን በዚሁ ሰው ስም የሰማነውን ሌላ ቀልድ በዊንስተን ቸርችል ስም ሲነገር አገኘነው። የታሪክ ተማሪ እንዲህ ያለው ነገር ሲገጥመው ስቆ ብቻ ማለፍ አይገባውም። ስለዚህ ሰውየውን ከቀልዱ ለይተን ለማየት ተነሣን።

ቢቻም በ1879 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በላንካሸር ውስጥ ሴንት ሄለንስ በምትባል ከተማ ተወለደ። ቤተ ሰቡ የበለጸገው አያቱ ባወጡት የሆድ ማለስለሻ ክኒን ነው። ኦክስፎርድ ገብቶ ትምህርቱን ሳይፈጽም ወጣ። በ1909 በራሱ ስም ኦርኬስትራ አቋቋመ፤ በ1910 የሪቻርድ ስትራውስን «ኤሌክትራ» ለመጀመሪያ ጊዜ ለእንግሊዝ አድማጭ አቀረበ። ከዚያም በ1932 የለንደን ፊልሃርሞኒክን፥ በ1946 ሮያል ፊልሃርሞኒክን መሠረተ። ሁለቱም እስከ ዛሬ አሉ። የቤት ገንዘብ ረድቶታል ቢባል እውነት ነው፤ ነገር ግን ሀብታም ልጅ ሁሉ ኦርኬስትራ አላቆመም።

የቀልዱ ነገር ከዚህ ይልቅ ያስቸግራል። በ1978 በስሙ የሚነገሩት ጨዋታዎች ለብቻቸው በመጽሐፍ ታትመዋል። ዳሩ ግን ወዳጁ የነበረው ሐያሲው ኔቪል ካርደስ ከቀልዶቹ አንዳንዶቹን ራሱ እንደ ፈጠራቸው አምኗል። ምስክሩ ራሱ ፈጣሪ ሆኖ ከተገኘ የቀረውን በምን እንመዝነው? እኛ በብዙ ሰው ፊት የተነገረውን ማስቀደም መረጥን። በ1949 ሰባኛ ዓመቱ ሲከበር ከስትራውስ፥ ከሲቤልየስና ከስትራቪንስኪ የመጡት ቴሌግራሞች ተነበቡ። ቢቻምም ከሞዛርት የመጣ የለም ወይ ብሎ ጠየቀ። ሞዛርት የሞተው በ1791 ነው። ሳቁ እንዳለ ሆኖ፥ ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከማን ጋር እንደ ኖረ የሚነግረን ይመስለናል።

ደግሞም ኦርኬስትራ አብሮ ከጀመረና አብሮ ከጨረሰ ሕዝቡ በመካከሉ ስላለው ብዙ አይገደውም ይል ነበር። ይህን ቃል እንዳለ የሚቀበል ሰው ይሳሳታል። ቢቻም በሙዚቀኞቹ ኖታ ላይ የት እንደሚጎላ፥ የት እንደሚለዝብ በሰማያዊ እርሳስ እያንዳንዱን ምልክት እየጻፈ ያዘጋጅ ነበር። ሙዚቀኛው ልምምድ ላይ ሲስቅ የሥራው እኩሌታ በወረቀቱ ላይ አልቆ ነበር ማለት ነው። በመጨረሻ ለአድማጭ የሚመርቃቸውን አጫጭር ዜማዎች «ከረሜላ» ይላቸው ነበር፤ እነርሱንም ቢሆን እንደ ትልቁ ሲምፎኒ ተጠንቅቆ ነበር የሚመራቸው።

አንድ ጉዳይ ግን ቀልድ አይሸፍነውም። በ1936 ቢቻም የለንደን ፊልሃርሞኒክን ይዞ ናዚዎች ወደሚገዟት ጀርመን ሄደ፤ በበርሊኑ ኮንሰርት ሂትለር ራሱ ተገኝቷል። ሜንደልሶን በትውልዱ አይሁዳዊ ስለ ነበረ «የስኮትላንድ ሲምፎኒ» ከፕሮግራሙ እንዲወጣ ሲጠየቅ ቢቻም ተስማማ። የሚገርመው በዚያው ዘመን ከጀርመን የተሰደደችውን አይሁዳዊት ቤርታ ጋይስማርን በጸሐፊነት ቀጥሮ ያሠራት ነበር። በኋላ ለአዲስ ኮንሰርት ሲጋብዙት እምቢ ብሏል፤ ሆኖም ቀድሞ የገባውን ውል ለመፈጸም በ1937 እና በ1938 በበርሊን ኦፔራ መርቷል፤ የሞዛርትንም «አስማተኛው ዋሽንት» እዚያው በሸክላ አስቀርጿል። ለሰው የማይመለስ ምላስ የነበረው ሰው በዚያች ሲምፎኒ ነገር መመለሱን ወዳጆቹ በጥቂት መስመር ያልፉታል። እኛ ግን ከመቶ ቀልድ ይልቅ ይህ አንድ ውሳኔ ሊመረመር ይገባዋል እንላለን።

ቢቻም መጋቢት ወር 1961 በለንደን ዐረፈ። ከሁለት ዓመት በፊት በሥራው ሁሉ ሲሟገትለት ስለ ኖረው ስለ አቀናባሪው ፍሬደሪክ ዲሊየስ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። በ1991 ዐፅሙ ከተቀበረበት ፈልሶ ዲሊየስ ወዳለበት ወደ ሊምፕስፊልድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተወሰደ፤ መቃብራቸውም ጥቂት ርምጃ ብቻ ይራራቃል።