መድኃኒት፦ ማዳኛም መርዝም

«መድኃኒት» ከግእዙ «ድኅነ» (ዳነ) የወጣ ቃል ሲሆን፣ ማዳኛ ማለት ነው፡፡ «መድኃኔ ዓለም» የሚለውም ከዚሁ ሥር ነው፡፡ በአነጋገር ግን የሚጎዳውንም ይጨምራል፡፡ «የአይጥ መድኃኒት» መርዝ ነው፤ «መድኃኒት አድርጋበታለች» ሲባል ደግሞ መስተፋቅር ማለት ነው፡፡

በመካነ ሰላም አቅራቢያ፣ በቦረና ሳይንት ደጋ የሚበቅለው ኮሶ ሁለቱንም ገጽታ ያሳያል፡፡ የሴቴው ዛፍ አበባ ደርቆና ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ ሲጠጣ የኮሶ ትልን ያስወጣል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል፡፡

ሐኪም «መድኃኒት ወስደዋል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ በሽተኛው ክኒን ብቻ አስቦ «አልወሰድኩም» ሊል ይችላል፡፡ ስለዚህ «ኮሶስ ጠጥተዋል?» ብሎ በስሙ መጠየቅ ይበጃል፡፡