ጥያቄው የዕዳ፣ መልሱ የመሬት

የአሜሪካ ኮንግረስ በ1924 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ዕዳ እንዳለበት በሕግ አመነ፤ ክፍያውን ግን ወደ 1945 ቀጠረው። አገር ውስጥ ላገለገሉበት ቀን 1 ዶላር፣ ባሕር ተሻግረው ለዘመቱበት ቀን 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ተሰላላቸው። ድምሩ ከ50 ዶላር ያልበለጠው ወዲያው ተከፈለው፤ የሌላው ድርሻ የምስክር ወረቀት ሆነ። ሕዝቡ “ቦነስ” ያለው ይህንን ነው። ወረቀቱ በሣጥን ተቀመጠ። በ1929 የአክሲዮን ገበያው ሲወድቅ፣ ባንክ ሲዘጋና ሥራ ሲጠፋ፣ ብዙ የቀድሞ ወታደር ቤት ውስጥ የቀረው ዋጋ ያለው ነገር ያ ወረቀት ብቻ ነበር።

እኔ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲ እየነዳሁ ልጆች ያሳደግሁ ሰው ነኝ። የ11ኛውን መንገድ ድልድይ ተሻግሬ አናኮስቲያ ስገባ ከወንዙ ዳር የተዘረጋውን ሜዳ አያለሁ። በእረፍት ቀን ቤተሰብ ሥጋ ይጠብስበታል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በ1932 እዚህ ሜዳ ላይ የሆነውን ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ግን በዝምታ ላልፈው አልቻልኩም፤ የሚሰማኝ ተሳፋሪ ካገኘሁ አወራለታለሁ።

በዚያ ዓመት በሜይ ወር፣ ዋልተር ዋተርስ የተባለ ሥራ ያጣ የቀድሞ ሃምሳ አለቃ፣ ከኦሪገኗ ፖርትላንድ ሦስት መቶ ያህል ጓዶቹን ይዞ ተነሣ። ለቲኬት የሚሆን ገንዘብ ስላልነበራቸው በጭነት ባቡር ላይ ተንጠላጥለው አገሩን ከዳር እስከ ዳር አቋረጡ። ወሬው ቀድሟቸው ሄደ፤ ከየግዛቱ ሌሎችም ተከተሉ። በጁን ወር ዋሽንግተን የደረሱት፣ ከእነ ሚስትና ልጆቻቸው፣ ከሃያ ሺህ በላይ ሆኑ። ትልቁ ሰፈራቸው አናኮስቲያ ነበር።

ሰፈሩን የሠሩት ከአሮጌ ጣውላ፣ ከቆርቆሮና ከቆሻሻ መጣያ ከለቀሙት ሣጥን ነው። ወታደር ስለነበሩ ወታደራዊ ሥርዓት አበጁ፦ በጎጆዎቹ መካከል መንገድ አወጡ፣ መጸዳጃ ቆፈሩ፣ ጋዜጣ አሳተሙ፤ መጽሐፍ የሚያዋስ ጎጆም ነበራቸው። ጥቁሮችና ነጮች አብረው ኖሩ። በጦርነቱ ጊዜ ያው መንግሥት በተለያየ ክፍለ ጦር ያሰለፋቸው ሰዎች፣ ሲቸገሩ ከአንድ ድስት በሉ። ጋዜጠኛው ሮይ ዊልኪንስ ሰፈሩን ጎብኝቶ ይህንኑ ለጥቁሮች መጽሔት ለ“ዘ ክራይሲስ” ጻፈ። የከተማው የፖሊስ አዛዥ ፔልሃም ግላስፎርድ እሱም የጦርነቱ ዘማች ነበርና በሞተር ብስክሌት እየዞረ ይጎበኛቸው፣ ከራሱ ኪስም ምግብ ይገዛላቸው ነበር።

የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ የ1945ቱ ገንዘብ አሁን ይከፈለን። የቴክሳሱ ተወካይ ራይት ፓትማን ረቂቁን አቀረቡ። ጁን 15 ቀን የታችኛው ምክር ቤት በ211 ድምፅ ለ176 አጸደቀው። ከሁለት ቀን በኋላ ሴኔቱ በ62 ድምፅ ለ18 ጣለው። በምክር ቤቶቹ ሕንጻ በካፒቶል ደጃፍ በሺዎች ቆመው ይጠባበቁ የነበሩት ሰዎች መርዶውን ሲሰሙ ድንጋይ አልወረወሩም። ባርኔጣቸውን አውልቀው “አሜሪካ” የተሰኘውን መዝሙር ዘመሩና ወደ ጎጆዎቻቸው ተመለሱ። በጁላይ ከካሊፎርኒያ የመጡት ደግሞ ደጅ ሊጠኑ ካፒቶል ሄዱ። ሣሩ ላይ እንዳይተኙ የውሃ መርጫው ተከፈተባቸው፤ መተኛት ከተከለከልን እንሄዳለን ብለው በአንድ ረድፍ ሌሊትና ቀን ሕንጻውን ዞሩት።

ጁላይ 28 ቀን መንግሥት፣ የቀድሞ ወታደሮች የተጠለሉባቸው በፔንሲልቬኒያ ጎዳና አጠገብ ያሉ አሮጌ ሕንጻዎች ለግንባታ ስለሚፈለጉ ይለቀቁ ብሎ አዘዘ። ግርግር ተነሣ፤ ፖሊስ ተኩሶ ዊልያም ሁሽካንና ኤሪክ ካርልሰንን ገደለ። ሁሽካ ከሊቱዌኒያ የመጣ ስደተኛ ነበር፤ ለአዲሱ አገሩ ዘመተ፣ በአዲሱ አገሩ ዋና ከተማ ተገደለ፣ በአርሊንግተን የጀግኖች መካነ መቃብር ተቀበረ። እኔም ስደተኛ ነኝና የሱን ስም ስጠራ ልቤ ይነካል። ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር ጦር ላኩ። ጄኔራል ዳግላስ ማክአርተር ፈረሰኛ፣ ሳንጃ የሰካ እግረኛ፣ ታንክና አስለቃሽ ጋዝ ይዘው ወጡ። ወንዙን እንዳይሻገሩ ቢነገራቸውም ተሻገሩ። በዚያ ሌሊት የአናኮስቲያ ሰፈር ነደደ።

ይህን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ወደኋላም ወደፊትም አየሁ፤ ያው ነገር ተደጋግሞ አገኘሁት። በ1894 የኦሃዮው ጃኮብ ኮክሲ፣ መንግሥት መንገድ እያሠራ ለሥራ አጡ ደሞዝ ይክፈል ብሎ በእግር የሚጓዝ ሰልፈኛ እየመራ ዋሽንግተን ሲገባ፣ የተፈረደበት የካፒቶልን ሣር ረግጠሃል ተብሎ ነው፤ 20 ቀን ታሰረ። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደሉ በኋላ ድሆች በሊንከን መታሰቢያ አጠገብ የሠሩት የጎጆ ከተማ የፈረሰው የፈቃዱ ጊዜ አበቃ ተብሎ ነው። በ2012 በማክፈርሰን አደባባይ የባንኮችን ጉልበት ሲቃወሙ የከረሙት ወጣቶች ድንኳናቸው የተነሣው በመናፈሻ ማደር ክልክል ነው ተብሎ ነው። በ2014 እኛም የታክሲ ሾፌሮች፣ ብዙዎቻችን ሐበሾች፣ በስልክ የሚጠሩት መኪኖች እኛን በሚገዛን ደንብ ይገዙ ብለን መኪኖቻችንን በፔንሲልቬኒያ ጎዳና አሰልፈን ጡሩምባ ነፋን። የጠየቅነው ስለ እንጀራችን ነበር፤ ከሰው አፍ የሰማሁት ግን ስለ ትራፊክ መጨናነቁ ነበር።

ጥያቄው የገንዘብ ነው፤ መልሱ የመሬት። የቆምክበት ቦታ ጥፋት ይሆንና የቆምክበት ምክንያት ሳይነሣ ይቀራል።

ጥያቄው ግን በሰፈሩ ቃጠሎ አልሞተም። የቀድሞ ወታደሮቹ በ1933 ተመልሰው ሲመጡ የአዲሱ ፕሬዚዳንት ባለቤት ኤሊኖር ሩዝቬልት ሄደው አነጋገሯቸው፤ ለብዙዎቹም መንግሥት ሥራ ሰጠ። በ1935 በፍሎሪዳ ደሴቶች መንገድ ሲሠሩ ከነበሩት ውስጥ ከ250 በላይ የሚሆኑት በአውሎ ነፋስ አለቁ። በ1936 ኮንግረስ የፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ተቃውሞ ሽሮ ቦነሱን ከፈለ፤ ከቀጠሮው ዘጠኝ ዓመት ቀድሞ። በጁን 1944 ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለሚመለሱ ወታደሮች የትምህርት ክፍያና የቤት መግዣ ብድር የሚሰጠው ሕግ ተፈረመ። ሕግ አውጪዎቹ 1932 እንዳይደገም ፈርተው ነበር። ያም ሆኖ ጥቁር ወታደሮች፣ በተለይ በደቡብ፣ ከዚህ ጥቅም በብዛት ተገፉ፤ አናኮስቲያ ላይ አብሮ የበላው ሰው በሕጉ አፈጻጸም ተለያየ።

ስለዚህ ሰልፍ በተበተነ ማግስት “ምን አተረፉ?” የሚለኝን ሰው ቆይ እለዋለሁ። ባለሥልጣኑ ስለ ሣሩ፣ ስለ ፈቃዱና ስለ መንገዱ ተናገረ፤ ስለተጠየቀው ገንዘብስ ምን አለ? ምንም ካላለ ጉዳዩ አልተዘጋም። ባለገንዘቡን ከሜዳ ማባረር ዕዳውን አይሰርዘውም።