የከሰል ውለታና ወሰኑ

ዛሬ በዓሣ ማኖሪያ ገንዳ የምንሠራበት ዕውቀት ለሁለት ኬሚስቶች ባለዕዳ ነው። ቶቢያስ ሎቪትስ እ.ኤ.አ. በ1785 በሴንት ፒተርስበርግ ታርታሪክ አሲድ ሲያዘጋጅ፣ ከሰል የጠየመውን ፈሳሽ እንደሚያጠራ ደረሰበት፤ ቆየት ብሎም የሸተተ ውሃን በከሰል አጠራ። ሮበርት ዋሪንግተን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1850 በለንደን፣ ዓሣ፣ የውሃ ተክልና ቀንድ አውጣ ውሃው ሳይለወጥ ተረዳድተው ሊኖሩ እንደሚችሉ አስረዳ።

በ20ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ራፋኤል ኦስትሬይኮ ከሰልን በጋለ እንፋሎት የማንቃትን ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ። እንዲህ የነቃ ከሰል እልፍ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት፣ የ1 ግራሙ የውስጥ ገጽ ከ500 ካሬ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ክሎሪንን ያስወግዳል፤ ቀለምንና ሽታን ይዞ ያስቀራል፤ ለታመመ ዓሣ የተጨመረውንም መድኃኒት አብሮ ይወስዳል። ሲጠግብ ግን መለወጥ አለበት።

ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ ግን እምብዛም አይዝም። ይህን መርዝ የሚለውጡት በማጣሪያውና በጠጠሩ ላይ የሚራቡት ባክቴሪያዎች ናቸው። ስለዚህ ውሃው ኩልል ብሎ ሳለ ዓሣው ሊሞት ይችላል። የሎቪትስ ከሰል ውሃውን ያጠራል፤ ሕይወትን የሚጠብቀው ግን ዋሪንግተን ያስተዋለው የፍጥረታት መረዳዳት ነው። እንግዲህ ባለሙያው በዓይኑ አይቶ ብቻ ሳይሆን ውሃውን መርምሮ ይፍረድ።