ስለ ፎቶግራፍና ስለ ምጽዋት በወሎ የተፈጸመ ታሪክ

ሰው የሩቁን ችግር በጆሮው ሲሰማ ያዝናል፤ በዓይኑ ሲያይ ግን እጁን ይዘረጋል። ስለዚህም ለስብከት ወይም ለርዳታ ወደ ሩቅ አገር የተላኩ ሰዎች በዚያ ያነሡትን ፎቶግራፍ ወደ አገራቸው ወስደው፣ አንዳንዱን በመጽሐፍ፣ አንዳንዱን በፖስታ ካርድ፣ አንዳንዱንም በበዓል ስጦታ ላይ እያተሙ ገንዘብ መሰብሰብን ልማድ አድርገውታል። ነገሩ በጎ ነው። ዳሩ ግን ፎቶግራፍ የተነሣው ሰው ምን አገኘ? ያልተነሣውስ? ይህን ለመመርመር ለሚወድ የወሎ ታሪክ ብዙ ያስተምራል።

በኢትዮጵያ ምድር ከተነሡት ፎቶግራፎች ቀዳሚዎቹ ተብለው የሚታወቁት ሄንሪ ስተርን የተባለ ሚሲዮናዊ በ1852 ዓ.ም. ገደማ ያነሣቸው ናቸው። ትውልዱ ጀርመን ሲሆን የላከው በለንደን የነበረ ማኅበር ነው፤ የመጣውም ለቤተ እስራኤል ሊሰብክ ነው። ወደ ለንደን ተመልሶ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1862 የጉዞውን መጽሐፍ ሲያሳትም ከፎቶግራፎቹ የተቀረጹ ሥዕሎችን አገባበት፤ በዚያው መጽሐፍም የዐፄ ቴዎድሮስ እናት ኮሶ ሻጭ እንደ ነበሩ ጻፈ። መጽሐፉ ግን በለንደን አልቀረም፤ ነገሩ ከንጉሠ ነገሥቱ ጆሮ ደረሰ። ስተርን በ1856 ዓ.ም. ሲታሰር ከቀረቡበት ክሶች አንዱ ይኸው የጻፈው ቃል ነበር። ኋላም ወደ ወሎ አምባ ወደ መቅደላ ተወስዶ እስከ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በእግር ብረት ቆየ። ስለ ሰው በሩቅ የተጻፈውና የታየው አንድ ቀን ተመልሶ ከባለቤቱ ዘንድ እንደሚደርስ ከዚህ ይታወቃል።

ከዚህ በኋላ መቶ ዓመት አልፎ በወሎ ጽኑ ረኃብ ሆነ። መንግሥት ነገሩን ሸሽጎት ሳለ በሚያዝያ 1965 ዓ.ም. ወደ ወሎ የወረዱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ያነሡትን ፎቶግራፍ አምጥተው በግቢው ውስጥ ለሕዝብ አሳዩ። ተማሪው አይቶ ዝም ሊል አልቻለም፤ ድምፁን አሰማ፤ መዋጮም ተጀመረ። በጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ደግሞ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በወሎ ያስነሣው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ ሕዝቡም ብዙ ገንዘብ አዋጣ። በዚያ ረኃብ ያለቀውን ሰው አንዳንዶች 40 ሺህ፣ ሌሎች እስከ 200 ሺህ ያደርሱታል። ፊልሙ ግን ምጽዋት ሰብስቦ ብቻ አልቀረም። የቤተ መንግሥቱ ግብዣ ሥዕል ከረኃብተኛው ሥዕል ጋር እየተፈራረቀ ተቀጥሎበት፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በቅዱስ ዮሐንስ ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ሁለተኛው ረኃብ ከፊተኛው የበረታ ሆነ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. መሐመድ አሚን የተባለ የኬንያ ካሜራ አንሺ፣ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር በነበረችው በኮረም ያነሣው ፊልም ከማይክል ቡርክ ንባብ ጋር በእንግሊዝ ታየ። ይህን ያየ ቦብ ጌልዶፍ የተባለ የአየርላንድ ዘፋኝ ባልንጀሮቹን ሰብስቦ አንድ ዘፈን አስቀረጸ፤ ሸክላውም ለፈረንጆች ልደት እንዲደርስ በኅዳር መጨረሻ ወጣ። ፒተር ብሌክ የተባለ ሠዓሊ በሸክላው ሽፋን ላይ የልደትን በዓል ድሎት የሚያሳዩ የጥንት ሥዕሎችን ደርድሮ፣ ከፊታቸው የተራቡ የኢትዮጵያ ሕፃናትን ፎቶግራፍ አኖረ። በእንግሊዝ አገር ብቻ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሸክላ ተሸጠ፤ ገንዘቡም እህልና መድኃኒት ሆነ። እንዲህ አድርጎ በኮረም ሜዳ የተነሣው ሥዕል የበዓል ስጦታ ሆነ፤ ስጦታውም ነፍስ አዳነ፤ ይህንም የሚክድ የለም።

ነገር ግን የዘፈኑ ርእስ እነዚህ ሰዎች የልደት በዓል መሆኑን ያውቁ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ነው። ይህ ጥያቄ የቀረበለት ሕዝብ በዚያው ክፍለ ሀገር በላሊበላ የቅዱስ ላሊበላን ሕንፃ ከብቦ ልደትን በማኅሌትና በዝማሬ ሲያከብር ብዙ መቶ ዓመታት ያሳለፈ ነው። ሰጪው ረኃቡን እንጂ ሰውየውን አላየም። ፎቶግራፍ ፊትን ያሳያል፤ ስምን፣ ሃይማኖትን፣ ታሪክን ግን አይናገርም፤ እነዚህን ሊናገር የሚገባው ፎቶግራፉን የያዘው ሰው ነው።

ለዚህ ማስረጃ የምትሆን ብርሃን ወልዱ የተባለች የትግራይ ልጅ ናት። በ1977 ዓ.ም. ልትሞት ስታጣጥር የካናዳ ጋዜጠኞች አንሥተዋት፣ ሥዕሏ ሐምሌ 6 ቀን በለንደንና በፊላደልፊያ በተደረገው ታላቅ የርዳታ ዝግጅት ላይ ለዓለም ታየ። ያን ጊዜ ያለ ስም ነበረች። ሰኔ 25 ቀን 1997 ዓ.ም. ግን በለንደን መድረክ ላይ በጤና ቆማ ታየች። ያለቅስላት የነበረው ሕዝብ የዚያን ቀን አጨበጨበላት።

አሁን ደግሞ ሥዕል ወዳልደረሰበት እንመለስ። ካሜራ የሚሄደው መኪና በሚሄድበት ነው። የወሎ ታላቅ ጎዳና ደሴን፣ ወልድያን፣ ቆቦን አልፎ ወደ ኮረም ይወጣል፤ በሁለቱም ረኃብ ዓለም ያየው የወሎ ፊት በአብዛኛው በዚህ ጎዳና ዳር የተሰበሰበው ሰው ፊት ነው። ከደሴ ወደ ምዕራብ በአቀስታ አልፎ እስከ መካነ ሰላም፣ ከዚያም እስከ ዓባይ አፋፍ የተዘረጋው ደጋ፣ ማለት ለጋምቦ፣ ሳይንት፣ ቦረና፣ ወግዲ፣ ከለላ፣ ከዚህ ጎዳና የራቀ ነው። የዚህ አገር ችግረኛ ለመታየት አስቀድሞ ብዙ ቀን በእግሩ መሄድ ነበረበት፤ መሄድ ያቃተው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የተቸገረው ነው። እንደዚሁም በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ለሰፈራ የተወሰደው ሕዝብ ወደ 600 ሺህ ሲሆን የሚበዛው የወሎ ሰው ነበር፤ የእርሱን መለያየት የሚያሳይ ሥዕል በማንም የበዓል ስጦታ ላይ አልታተመም።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ፎቶግራፍን መንቀፍ አይደለም፤ ያለ እርሱ ብዙ ነፍስ በጠፋ ነበርና። ሰሙ ወረቀቱ ነው፤ ወርቁ ግን ሰውየው ነው። በሥዕል ርዳታ የሚሰበስብ ሁሉ የተነሣውን ሰው ፈቃዱን ይጠይቅ፤ ስሙን ይጻፍ፤ ያ ሰው አንድ ቀን ቢያየው የማያፍርበትን ያትም። ስጦታውን የሚገዛም ሰው ካየው ፊት በስተ ኋላ፣ ከጎዳናው ማዶ፣ ማንም ያላየው ሌላ ሰው መኖሩን አይዘንጋ። በመንገድ ዳር የቆመውን ሥዕሉ ይመራዋል፤ በተራራው ላይ የቀረውን ግን ራሱ ጠይቆ ሊያገኘው ይገባዋል።