ወሰን ስለ መለየትና ጎረቤትን ስለ መስማት፤ የአሜሪካ ከተሞች የቦታ ሸንጎ ታሪክ

ኢዮቤልዩ የሚለው ስም በመጀመሪያ የመሬት ነገር ነው። በኦሪት ሕግ 50ኛው ዓመት በደረሰ ጊዜ ርስቱን የሸጠ ድኻ ወደ ርስቱ እንዲመለስ ታዝዞ ነበርና። ስለዚህ በኢዮቤልዩ መጽሐፍ ውስጥ ስለ መሬት አከፋፈል መጻፍ ከበዓሉ መውጣት አይደለም፤ ወደ በዓሉ ጥንተ ነገር መመለስ ነው እንጂ።

በአሜሪካ ከሚገኙት አጥቢያዎቻችን ብዙዎቹ በመጀመሪያ በሌላ ማኅበረ ክርስቲያን ሕንጻ በኪራይ ወይም በውሰት ይጸልዩ ነበር። ኋላ ግን ምእመናኑ ገንዘብ አዋጥተው ሕንጻ ወይም ባዶ ቦታ ገዙ። ከዚህ በኋላ አዳራሽ ለመጨመር፥ የአውቶሞቢል ማቆሚያ ለማስፋት፥ ወይም አንዱን ቦታ ለሁለት ለመክፈል ባሰቡ ጊዜ፥ የከተማ ፕላን ኮሚሲዮን ከሚባለው ሸንጎ ፊት መቅረብ ግድ ሆነ። ብዙ ሰው ይህን ሸንጎ የወረቀት ማኅተም የሚመታበት አንድ ቢሮ ብቻ አድርጎ ያስበዋል። ነገር ግን ይህ ሸንጎ ከየት እንደ መጣ፥ ስለ ምንስ እንደ ቆመ የሚያውቅ ሰው በፊቱ የሚቀርበው በሌላ ልብ ነው። አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ጽሑፍ የተነገረው የዘመን ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመህ እወቅ።

ይህ ሸንጎ ፍርድ ቤት አይደለም፥ ሕግ አውጪ ምክር ቤትም አይደለም። ከከተማው ሰዎች መካከል የሚሾሙ ጥቂት ሰዎች የሚቀመጡበት ጉባኤ ነው። የሚመለከተውም ነገር ዋናው ሁለት ነው። አንደኛው የመሬት ሽንሸና ነው፤ ይኸውም አንዱ ሰፊ ቦታ ለብዙ ቤት እንዲሆን ሲከፈል፥ መንገዱ፥ የውኃ መውረጃው፥ የእያንዳንዱም ቦታ ስፋት እንደ ደንቡ መሆኑን መርምሮ ካርታውን ማጽደቅ ነው። ሁለተኛው በቋንቋቸው ዞኒንግ የሚባለው ነው፤ ይኸውም ከተማውን በየክፍሉ ለይቶ ይህ ለመኖሪያ፥ ይህ ለንግድ፥ ይህም ለፋብሪካ ይሁን ብሎ መወሰን ነው። ባለ ቦታው የቦታዬ ክፍል ይለወጥልኝ ብሎ ሲለምን ኮሚሲዮኑ ነገሩን መርምሮ አሳቡን ለከተማው ምክር ቤት ያቀርባል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ምክር ቤቱ ነው። የአሠራሩ ዝርዝር ከከተማ ወደ ከተማ ይለያያል፤ ሥሩ ግን አንድ ነው።

በአገራችን መሬት በቃላድ እየተለካ በጋሻ ይቈጠር እንደ ነበረ ሁሉ፥ አሜሪካኖችም መሬታቸውን በሰንሰለት ለክተዋል። በ1785 ዓ.ም. በወጣው ሕግ በምዕራብ በኩል ያለው ሰፊ ምድር በየ6 ማይሉ በአራት ማዕዘን ተከፈለ፤ እያንዳንዱም ክፍል ደግሞ እያንዳንዳቸው 640 ኤከር በሆኑ በ36 ቦታዎች ተሸነሸነ። ከነዚህም 16ኛው ቦታ ለሕዝብ ትምህርት ቤት እንዲሆን ተለየ። ይህ ታላቅ ጥበብና በጎ አሳብ ያለበት ሥራ ነበረ። ነገር ግን በዚያ ምድር ከጥንት ጀምሮ ይኖሩ የነበሩት ባላገሮች ቃላቸው በሽንሸናው አልተሰማም። ገመዱ ቀጥ ብሎ ሲዘረጋ በሥሩ ማን እንዳለ አልተጠየቀም። በአገራችንም ቃላድ በተጣለበት ምድር ሁሉ ባላገሩ ሁልጊዜ ደስ ብሎት እንዳልተቀበለው ሽማግሌዎች ያውቃሉ።

ከዚህ በኋላ የኒውዮርክ ከተማ መጣች። በ1807 ዓ.ም. ጉቨርነር ሞሪስ፥ ጆን ራዘርፈርድና ሲሚዮን ዴዊት የተባሉ 3 ሰዎች ኮሚሲዮነሮች ሆነው ተሾሙ። በ1811 ዓ.ም. ባወጡት ፕላን 12 ሰፋፊ ጐዳናዎችንና 155 መንገዶችን በአንድ ካርታ ላይ አሠመሩ። ቀያሹ ጆን ራንደል ይባል ነበር። እርሱም መሬታቸውን በሚለካባቸው ባለ ርስቶች ያለ ፈቃድ ገባህብን እየተባለ ብዙ ጊዜ ተከሰሰ። ያ ካርታ የዓለምን ታላቅ ከተማ ወለደ፤ ሆኖም የከተማ ፕላንና የጎረቤት ሙግት በአንድ ቀን የተወለዱ መሆናቸውንም አሳየ።

ከተሞች እየበዙ ሲሄዱ ከመንገድ ይልቅ የሥራው ዓይነት አስጨናቂ ሆነ። በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በ1880 ዓ.ም. አንድ ደንብ ወጣ፤ ይኸውም በእንጨት ቤት ልብስ የሚያጥብ ሰው ሁሉ ከከተማው ሹማምንት ፈቃድ ይቀበል የሚል ነው። ምክንያቱ የእሳት አደጋ ነበረ፤ ቃሉም ሲነበብ አንድን ሕዝብ ከሌላው አይለይም። ነገር ግን ወደ 200 የሚሆኑ ቻይናውያን ፈቃድ ቢለምኑ ሁሉም ተከለከሉ፤ ቻይናውያን ካልሆኑት ወደ 80 ለሚሆኑት ግን ከአንድ በቀር ተፈቀደላቸው። ይክ ዎ በሚባል ስም የታወቀው አጣቢ በዚያ ሥራ 22 ዓመት ኖሮ ነበር፤ ቤቱም ለእሳት የማያሰጋ መሆኑን የሚመሰክር ወረቀት በእጁ ነበረ፤ ሆኖም ተቀጥቶ ታሰረ። በ1886 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነገሩን አይቶ፥ ሕግ በጽሑፉ ቅን ቢሆንም በሹሙ እጅ በአድልዎ ከተሠራበት ፍርድ ማጕደል ነው ብሎ ፈረደለት። ይህ ፍርድ ፈቃድ ለሚሰጥ ሸንጎ ሁሉ እስከ ዛሬ ድረስ መመዘኛ ሆኖ ይኖራል።

በ1907 ዓ.ም. በኮኔቲከት አገር ሃርትፎርድ የተባለችው ከተማ ቋሚ የፕላን ኮሚሲዮን በማቋቋም ለሌሎች ፈር ቀደደች። በ1909 ዓ.ም. የዊስኮንሲን አገር ከተሞቹ እንዲህ ያለ ሸንጎ እንዲያቋቍሙ በሕግ ፈቀደ። በኒውዮርክም በ1915 ዓ.ም. ኢክዊተብል የተባለው ታላቅ ሕንጻ ከመንገዱ ዳር ጀምሮ ወደ ኋላ ሳያፈገፍግ ሽቅብ ተሠርቶ ባለቀ ጊዜ ጥላው የጎረቤቶቹን መስኮት ሸፈነ፤ ብርሃንና አየር እንደ ገንዘብ የሚቈጠሩ መሆናቸውም ታወቀ። በሚከተለው ዓመት በ1916 ዓ.ም. ከተማይቱ መላውን ግዛቷን ለመኖሪያ፥ ለንግድና ለማናቸውም ሥራ ብላ በሦስት የምትከፍል፥ የሕንጻውንም ከፍታ የምትወስን ደንብ አወጣች። ከፍ ያሉት የኒውዮርክ ሕንጻዎች ወደ ላይ ሲሄዱ እንደ ደረጃ እየጠበቡ የተሠሩት ስለዚህ ነው። የደንቡም ፍሬ ነገር የጎረቤትን ብርሃን አትውሰድ ማለት ነበረ።

ነገር ግን ጎረቤትን ለመጠበቅ የተሳለው መሥመር ጎረቤትን ለማራቅም ዋለ። የባልቲሞር ከተማ በ1910 ዓ.ም. ጥቁሮችና ነጮች የሚኖሩበትን ሰፈር በሕግ ለየች፤ ሌሎችም ከተሞች ተከተሏት። ከነዚህ አንዷ የነበረችው የሉዊቪል ከተማ በ1914 ዓ.ም. ባወጣችው ደንብ ላይ ክስ ቀርቦ፥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1917 ዓ.ም. በአንድ ድምፅ ሻረው። ይሁን እንጂ በደንብ የተከለከለው በውል ተመለሰ፤ ቤት ሻጮች ለጥቁር አይሸጥም የሚል ቃል በውላቸው ይጽፉ ጀመር። ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል እንዳያስፈጽሙ የተከለከለው በ1948 ዓ.ም. ነው፤ በቤት ሽያጭና ኪራይ በዘር መለየትን የሚከለክለው የመንግሥት ሕግ የወጣው ደግሞ በ1968 ዓ.ም. ነው። ከዚያም ወዲህ ቢሆን ሰፊ ቦታ የሌለው ሰው ቤት እንዳይሠራ በሚከለክል ደንብ ድኻውን ማራቅ በብዙ ስፍራ አልቀረም።

እንዲህ ያለውን ክፉ ነገር የሚከለክለው ምንድር ነው ቢሉ፥ ፍርድ ቤት አንዱ ነው፤ ሁለተኛው ግን የአሠራሩ ሥርዓት ነው። በ1920ዎቹ ዓመታት የንግድ ሚኒስትር የነበረው፥ ኋላም ፕሬዚዳንት የሆነው ኸርበርት ሁቨር ሊቃውንትን ሰብስቦ ለየአገሩ ምሳሌ የሚሆን ሕግ አስጻፈ። የዞኒንጉ ሕግ በ1922 ዓ.ም. ወጥቶ በ1926 ዓ.ም. ታረመ፤ የከተማ ፕላኑም በ1928 ዓ.ም. ተከተለ። በመጀመሪያው ሕግ የክፍል ለውጥ ከመጽናቱ በፊት ሕዝብ ቃሉን የሚሰጥበት ጉባኤ እንዲደረግ፥ ቀኑና ስፍራውም ከ15 ቀን ባላነሰ ጊዜ አስቀድሞ በጋዜጣ እንዲነገር ታዘዘ። ለውጡ ከሚነካው መሬት የ20 በመቶው ባለቤቶች ከተቃወሙ ግን ከምክር ቤቱ አባሎች ሦስት አራተኛው ካልተስማሙ በቀር አይጸናም ተባለ። በሁለተኛው ሕግ ኮሚሲዮኑ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ 9 አባሎች እንዲኖሩት፥ የሽንሸና ካርታ ከቀረበለትም በ30 ቀን ውስጥ ቃሉን እንዲሰጥ፥ ካልሰጠ ካርታው እንደ ጸደቀ እንዲቈጠር ተጻፈ። ዛሬ ቍጥሩ በየከተማው ቢለያይም ማስታወቅ፥ መስማትና ምክንያትን መናገር የሚሉት ሦስቱ ነገሮች ግን ከዚያ ምንጭ የወረዱ ናቸው።

በ1926 ዓ.ም. ደግሞ ዞኒንግ ራሱ በፍርድ ተፈተነ። በክሊቭላንድ አጠገብ ያለችው የዩክሊድ መንደር ባወጣችው ደንብ ምክንያት 68 ኤከር የነበረው አምብለር የተባለ ኩባንያ ከሰሳት። ለፋብሪካ ቢሆን በኤከር 10,000 ዶላር የሚያወጣው መሬቴ ለመኖሪያ ብቻ በመባሉ ወደ 2,500 ዶላር ወረደ ብሎ ተሟገተ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ6 ድምፅ ለ3 መንደሪቱ እንድትረታ አደረገ፤ ደግ ነገርም ቢሆን ያለ ስፍራው ሲገኝ ጉዳት ሊሆን ይችላልና ከተማ ስፍራውን የመለየት ሥልጣን አላት አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ሥልጣን በመላው አሜሪካ ጸና። በዚያው ፍርድ ግን ብዙ ቤተ ሰብ በአንድ ሕንጻ የሚኖርበት የኪራይ ቤት ለሰፈሩ እንደ ሸክም ተቈጥሮ ነበርና፥ በመልካሙ ውስጥ የተደባለቀውን እንክርዳድ ልብ ማለት ይገባል።

ሥልጣኑ ቢጸናም ልክ ተበጅቶለታል። በኦሪገን አገር በታይጋርድ ከተማ የነበረች አንዲት ባለ ሱቅ ሱቋን ለማስፋት ብትለምን፥ ከቦታዋ ለውኃ መውረጃና ለብስክሌት መንገድ የሚሆን እንድትለቅ የፕላን ኮሚሲዮኑ ግዴታ አደረገባት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1994 ዓ.ም. ግዴታው ሕንጻው ከሚያመጣው ጉዳት ጋራ የተመዛዘነ መሆኑን ከተማው ማሳየት አለበት ብሎ ፈረደ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ሃይማኖት ቤቶች ቦታ አንድ የመንግሥት ሕግ ወጣ። በዚህም ሕግ ቤተ ጸሎትን ከሌላው መሰብሰቢያ አሳንሶ ማየት፥ ያለ ብርቱ ምክንያትም ከባድ ሸክም መጫን ተከልክሏል። ነገር ግን ይህ ሕግ ቤተ ክርስቲያንን ከደንቡ ነጻ አላወጣትም፤ እንደ ማንኛውም ጎረቤት ቀርባ ትለምናለች፥ ትመረመራለችም።

ሊቃውንት የሰለጰዓድን አምስቱን ሴቶች ልጆች ያስታውሳሉ። ምድሪቱ በወንዶች ስም ስትከፈል እነርሱ አባታቸው ወንድ ልጅ ሳይኖረው ስለ ሞተ ርስት ሊያጡ ሆነ። ነገር ግን በቤታቸው ተቀምጠው አላጕረመረሙም፤ ወደ ደብተራ ኦሪት ደጃፍ ወጥተው በሙሴ፥ በካህኑና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆመው ምክንያታቸውን ተናገሩ። ሙሴም ከራሱ አልፈረደም፥ ነገሩን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ፤ ሕጉም በእነርሱ ቃል የተነሣ ለሚመጣው ትውልድ ሁሉ ተሻሻለ። የሳን ፍራንሲስኮው አጣቢና የታይጋርዷ ባለ ሱቅ ያደረጉት ከዚህ የራቀ አይደለም።

ስለዚህ አጥቢያ ቦታ ከመግዛቷ በፊት ካርታውን ታንብብ፤ ቦታው በየትኛው ክፍል እንዳለ፥ ለቤተ ጸሎትም ልዩ ፈቃድ የሚያስፈልግ እንደ ሆነ ትጠይቅ። የጉባኤውም ቀን በደረሰ ጊዜ ጠበቃውና መሐንዲሱ ብቻ ሳይሆኑ ምእመናኑ ይገኙ፤ ባዶ ወንበር አይመሰክርምና። ጎረቤት ስለ መኪና ብዛት፥ ስለ ደወል፥ ስለ ሌሊት ማሕሌትና ስለ ከበሮ ድምፅ ቢናገር ሁሉን በጥላቻ አንተርጕመው። የሌሊቱን ሥርዓት የማያውቅ ሰው በመንፈቀ ሌሊት መቶ መኪና ሲመጣ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ከጉባኤው በፊት ሄደን ብንነግረው፥ የማቆሚያውንም ስፍራ ብናበጅ፥ ግማሹ ክርክር ያለ ሙግት ያልቃል።

ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ነገር ግን አለ። ከእኛ ወገን ብዙዎቹ ዛሬ የቤት ባለቤቶች ሆነዋል፤ በአጠገባቸው ለድኻ የሚሆን የኪራይ ቤት ሊሠራ ነው፥ ወይም የሌላ ሃይማኖት ሰዎች ቤተ ጸሎት ሊያቆሙ ነው የሚል ማስታወቂያ በመንገድ ዳር ተተክሎ ያያሉ። በዚያ ቀን ከ20 በመቶው ተቃዋሚዎች ጋራ ስማቸውን ለመጻፍ የሚነሡበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ልባቸውን ይመርምሩ። የሚነሡት ስለ ውኃ መውረጃና ስለ መንገድ እንደ ሆነ መብታቸው ነው፥ በግልጽም ይናገሩ። የሚነሡት የሚመጣው ሰው እንዳይመጣ እንደ ሆነ ግን፥ ባልቲሞርና ሉዊቪል የሳሉትን መሥመር ዳግመኛ መሳላቸው ነው። ያ መሥመር ሳይሻር ቢቀር ኖሮ ከእኛ ስንቶቻችን ዛሬ በምንኖርበት ሰፈር በተገኘን ነበር? ይህን መጽሐፍ የሚያነቡ ልጆቻችን ነገ በዚያ ሸንጎ አመልካቾች ብቻ ሳይሆኑ አባሎችም ሆነው ይቀመጣሉና፥ የሰለጰዓድን ልጆች የሰማ ሙሴ ምሳሌ ይሁናቸው።